የሙታንን ዝርዝር ያነበበው ነጋዴ፤ የጆን ግራንት ሕይወትና ሥራ

ትምህርት ቤታችን ያሳለፋቸውን ዓመታት ቈጥሮ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ውስጥ፣ መቍጠርን ትልቅ ዕውቀት ስላደረገ አንድ ሰው መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ። ይህ ሰው ጆን ግራንት ይባላል። ንጉሥ አልነበረም፤ በጦር ሜዳ ድል አድርጎ ስሙን አላስጠራም፤ ከዩኒቨርሲቲም ገብቶ አልተማረም። ክርና መርፌ፣ አዝራርና ጥብጣብ እየሸጠ የሚኖር የሎንዶን ባለሱቅ ነበረ። ነገር ግን ዛሬ የሕዝብ ጥናት ወይም ዲሞግራፊ የሚባለውን ትምህርት ማን ጀመረው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሊቃውንት ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት የዚህን ነጋዴ ስም ነው።

ጆን ግራንት የተወለደው በኤፕሪል 24 ቀን 1620 በሎንዶን ከተማ በርችን ሌን በሚባል ሰፈር ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ስለ አገራችን ከሚነገረው በቀር ሁሉም በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። የኖረበት ዘመን በእኛ አገር ከአፄ ሱስንዮስ እስከ ቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ያለው ዘመን ነው። አባቱ ሄንሪ ግራንት ከሃምፕሺር አውራጃ መጥቶ በሎንዶን የከተመ የጨርቅ ነጋዴ ነበረ። ልጁም እንደ ሌሎቹ የነጋዴ ልጆች ጥቂት ከተማረ በኋላ ወደ ንግድ ገባ።

ንግዱ ግን የትምህርት ፍቅሩን አላጠፋበትም። በየማለዳው ገና ሱቅ ሳይከፈት ተነሥቶ መጽሐፍ ያነብ ነበር፤ የላቲንና የፈረንሳይ ቋንቋም ዐወቀ። በጠባዩም የተመሰገነ ስለ ነበረ፣ ሰዎች ሲጣሉ እርሱን ሽማግሌ አድርገው ነገራቸውን ያሳዩት ነበር። ከዚያም የከተማው ምክር ቤት አባል ሆነ፤ በከተማው ጦርም እስከ ሻለቅነት ማዕርግ ደረሰ። ዊሊያም ፔቲ የሚባል ሐኪምም የልብ ወዳጁ ነበረ። በ1650 ገደማ ፔቲ ገና ወጣት ሳለ በሎንዶን በግሬሻም ኮሌጅ የመምህርነት ሥራ ያገኘው በግራንት ርዳታ ነው። ይህን ወዳጅነት አንባቢ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ፤ ኋላ ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠው እናገኛቸዋለንና።

አሁን የግራንት ሥራ የተመሠረተበትን ነገር እንመልከት። በዚያ ዘመን ሎንዶንን ቸነፈር ደጋግሞ ያጠቃት ነበር። ስለዚህ የከተማው ሹማምንት በየሳምንቱ ስንት ሰው እንደ ሞተና በምን በሽታ እንደ ሞተ የሚገልጽ ዝርዝር እንዲወጣ አደረጉ። ከ1603 መጨረሻ ጀምሮ ይህ ዝርዝር ሳይቋረጥ ይወጣ ነበር። ሰው ሲሞት የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወላል፤ ወይም መቃብር ቈፋሪው ይነገረዋል። ከዚያ ለዚህ ሥራ ቃለ መሐላ የፈጸሙ አሮጊቶች ወደ ቤቱ ሄደው ሬሳውን ያያሉ፤ ቤተሰቡንም ጠይቀው በምን እንደ ሞተ ለአጥቢያው ጸሐፊ ይነግሩታል። ጸሐፊው ማክሰኞ ማታ የሳምንቱን ሙታንና የተጠመቁትን ሕፃናት ቍጥር ለጸሐፊዎቹ ማኅበር ያቀርባል፤ ሐሙስ ቀንም ታትሞ ይሸጣል። ዋጋው በዓመት 4 ሺሊንግ ነበረ።

ይህን ወረቀት ሰው ሁሉ ይገዛው ነበር፤ የሚያነበው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ሀብታሙ ቸነፈሩ ከጨመረ ከከተማ ልሽሽ ብሎ ያየዋል፤ ነጋዴው ገበያው ይቀዘቅዝ እንደ ሆነ ሊገምት ያየዋል፤ ሌላው በሚያስገርም በሽታ የሞተ ሰው ቢኖር ለጨዋታ ያህል ያነሣዋል። ሳምንቱ ካለፈ በኋላ ወረቀቱ ይጣላል። ግራንት ግን ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም ሊኖረው ይገባል ብሎ አሰበ። ያገኘውን ያህል የቀድሞ ዝርዝር ሰብስቦ፣ ሳምንቱን በዓመት፣ ዓመቱን በዐሥር ዓመት እየደመረ በሠንጠረዥ አሰናዳው። ለዚህም ሥራ የተጠቀመው በሱቁ ሒሳብ የሚሠራበትን ተራ የነጋዴ ስሌት እንደ ነበረ ራሱ ገልጿል። የድካሙንም ፍሬ በ1662 በአንዲት አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። ያን ጊዜ በእኛ አገር አፄ ፋሲል በጎንደር ነግሠው ነበር።

የግራንት የመጀመሪያ በጎ ጠባይ የተጻፈውን ሁሉ አምኖ አለመቀበሉ ነው። አሮጊቶቹ የሕክምና ዕውቀት እንደሌላቸው ያውቃል፤ በቂጥኝ የሞተ ሰው ዘመዶችም አንድ ዋንጫ ቢራና የዋጋቸውን እጥፍ ሰጥተው ሌላ በሽታ እንዲያስጽፉ ይጠረጥራል። ነገር ግን ዝርዝሩ ስሕተት አለበትና ይጣል አላለም። ስሕተቱ የት እንዳለና ምን ያህል እንደ ሆነ ይመረምር ነበር እንጂ። ለምሳሌ በ1625 ቸነፈር በገባ ጊዜ በሎንዶን 54,265 ሰዎች መሞታቸው ተጽፏል፤ ከእነዚህም በቸነፈር የሞቱት 35,417 ናቸው ተብሏል። እንግዲያው በሌላ በሽታ የሞቱት 18,848 መሆናቸው ነው። ነገር ግን ቸነፈር በሌለበት ዓመት የሚሞተው ሰው ከ7,000 እስከ 8,000 ብቻ ነበረ። የቀሩት 11,000 ያህል ሰዎች በምን ሞቱ? ግራንት መልሱን አገኘው። ቸነፈር የገባበት ቤት ይታሸግ ስለ ነበረ ቤተሰቡ ይደብቃል፤ ስለዚህ በቸነፈር የሞተው ሰው ከተጻፈው በአራተኛ እጅ ያህል ይበልጣል። ሰዎች የደበቁትን እውነት ቍጥሩ ራሱ ገለጠው።

ከዚህ ቀጥሎ ግራንት ወደ ሕፃናት ሞት ተመለከተ። ዝርዝሩ የሟቾቹን ዕድሜ አይናገርም ነበር፤ በዚህ ምክንያት ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን በተወው ነበር። እርሱ ግን ሕፃናትን ብቻ የሚገድሉትን በሽታዎች ለየ፤ ጥርስ ሲያበቅሉ የሚመጣውን፣ የሚያንቀጠቅጣቸውን፣ የሆድ ትሉን፣ ገና እንደ ተወለዱ የሚሞቱትንም ደመረ። ከፈንጣጣና ከኩፍኝ ደግሞ እኩሌታውን ወሰደ። በ20 ዓመት ውስጥ ከሞቱት 229,250 ሰዎች ይህን ሁሉ ሲያሰላ፣ ከተፀነሱት 100 ልጆች 36ቱ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አገኘ። እያንዳንዱ ወላጅ በየቤቱ ለብቻው የሚያለቅስበት ኀዘን የከተማው ሁሉ ኀዘን መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ከዚያም 100 ሰዎች አብረው ቢወለዱ ዕድሜ እየጨመረ ሲሄድ ስንቱ በሕይወት እንደሚቀሩ በሠንጠረዥ አሳየ። በ6 ዓመት 64፣ በ16 ዓመት 40፣ በ26 ዓመት 25፣ በ36 ዓመት 16፣ በ46 ዓመት 10፣ በ56 ዓመት 6፣ በ66 ዓመት 3፣ በ76 ዓመት 1 ሰው ይቀራል፤ በ80 ዓመት ማንም የለም። የመካከለኞቹን ቍጥሮች ያገኘው በግምት ነው እንጂ በቈጠራ አይደለም፤ ስለዚህም ሠንጠረዡ ጕድለት አለበት። ቢሆንም የሰው ልጅ ዕድሜ በእንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሊታይ እንደሚችል ያሳየ እርሱ ነው።

ሰው በከንቱ የሚፈራውንም ነገር ቍጥሩ ገለጠ። ከእነዚያ 229,250 ሟቾች ውስጥ በሰው እጅ የተገደሉት 86 ብቻ ነበሩ፤ በረኃብ ሞቱ የተባሉትም፣ ጡት የሚጠቡት ሕፃናት ሳይቈጠሩ፣ 51 ናቸው። ከዚህም ተነሥቶ ለማኞቹ ከከተማው ሰው ምጽዋት እየተቀበሉ የሚኖሩ ከሆነ፣ በየመንገዱ ከሚንከራተቱ ይልቅ በመንግሥት ወጪ ቢኖሩ ይሻላል የሚል አሳብ አቀረበ።

ስለ ቤተሰብና ስለ ጋብቻ ያገኘውም ብዙ ዘመን የሚነገር ሆኗል። ከ1629 ጀምሮ የተጠመቁት ሕፃናት ወንድና ሴት ተለይተው ይጻፉ ነበር። ግራንት እስከ 1661 ድረስ ያሉትን ቢደምር ወንዶቹ 139,782፣ ሴቶቹ 130,866 ሆኑ። በየዓመቱ ቢያየውም ወንዶቹ በጥቂት ይበልጣሉ። ማንም ወላጅ ወንድ ልውለድ ወይም ሴት ልውለድ ብሎ ሊወስን አይችልም፤ የሕዝቡ ጠቅላላ ቍጥር ግን ሥርዓት አለው። ግራንት ይህን ሲያስረዳ፣ ወንዶች በጦርነት፣ በባሕር ጕዞና በልዩ ልዩ አደጋ ከሴቶች ይልቅ ስለሚሞቱና ወደ ሩቅ አገርም ስለሚሄዱ፣ ለጋብቻ ሲደርሱ ሁለቱ ወገኖች ይተካከላሉ፤ ስለዚህ አንድ ወንድ ለአንዲት ሴት የሚለው ሕግ ከተፈጥሮ ጋር ይስማማል አለ። ወንዶች በጥቂት በልጠው መወለዳቸው ዛሬም በዓለም ሁሉ በሚደረገው ቈጠራ የሚታይ ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ከተማውን ከገጠሩ ጋር አስተያየ። ከ1603 እስከ 1643 ባለው ጊዜ በሎንዶን የተቀበሩት 363,935 ሲሆኑ የተጠመቁት 330,747 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ የሚሞተው ከሚወለደው እየበለጠ ከተማው እንዴት ሊያድግ ቻለ? ግራንት የወዳጁ የፔቲ አገር የሆነችውን ሮምዚ የተባለች የገጠር ደብር የ90 ዓመት መዝገብ አስመጥቶ መረመረ። በዚያ የተጠመቁት 6,339፣ የተቀበሩት 5,280 ናቸው፤ ትርፉም 1,059 ሰው ነው። ነገሩ በዚህ ተፈታ። ገጠሩ ይወልዳል፤ ከተማው ይወስዳል። በሎንዶን ብዙዎች ሳያገቡ ይኖራሉ፤ ብዙዎችም ሚስቶቻቸውን በአገር ቤት ትተው ለሥራ ይመጣሉ፤ የድንጋይ ከሰሉ ጢስና መጨናነቁም ሰውን ይጎዳል ሲል ምክንያቱን ዘረዘረ። ልጁን ወደ ከተማ የላከ የገጠር ወላጅ ሁሉ ይህን ምዕራፍ ቢያነብ ሳይረዳው አይቀርም።

በዚያን ጊዜ በሎንዶን ሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ አለ እየተባለ ይወራ ነበር። ግራንት የከተማውን ሕዝብ ለማስላት ቢፈልግም፣ ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን በመቍጠሩ የደረሰበትን መቅሠፍት እያሰበ ለጥቂት ጊዜ ፈርቶ ነበር። በኋላ ግን ታሪኩን በተሳሳተ መንገድ እንደ ተረዳው አምኖ ሥራውን ጀመረ። በዓመት 12,000 ያህል ሕፃናት ይወለዳሉ፤ አንዲት ሚስት የምትወልደው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ያህል ስለ ሆነ የሚወልዱት ሴቶች 24,000 ናቸው። መውለድ ያቆሙት ሲጨመሩ ቤተሰቡ እጥፍ፣ ማለት 48,000 ይሆናል። በአንድ ቤት ባልና ሚስት፣ ሦስት ልጆች፣ ሦስት አሽከሮች ወይም ተከራዮች አሉ ቢባል 8 ሰው ነው። እንግዲህ የሎንዶን ሕዝብ 384,000 ነው ማለት ነው።

ግራንት በዚህ ብቻ አላበቃም። በየሰፈሩ ጠይቆ ከ11 ቤተሰብ በዓመት 3 ሰው እንደሚሞት ስለ ተረዳ፣ የ13,000ውን የዓመት ሙታን በዚህ ቢያሰላ እንደገና 48,000 ገደማ ቤተሰብ አገኘ። በሦስተኛም የከተማውን ካርታ ዘርግቶ ቤቶቹ የያዙትን ቦታ በመለካት ከዚያው ቍጥር አጠገብ ደረሰ። መምህራኖቻችን ሒሳብ ስንሠራ መልሱን በሌላ መንገድ አረጋግጡ የሚሉን ይህንኑ ነው። ውጤቱም ዛሬ የታሪክ ተመራማሪዎች ከሚገምቱት እጅግ የራቀ አይደለም።

መጽሐፉ በወጣ ጊዜ ግራንት 50 ቅጂዎች ለአዲሱ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አበረከተ። በማኅበሩ ውስጥ የነበሩት መኳንንትና ሊቃውንት ናቸው፤ ባለሱቅ ከእነርሱ ጋር ይቀመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ነገር ግን ንጉሡ ዳግማዊ ቻርልስ ራሳቸው እንዲገባ መከሩ፤ እንዲህ ያለ ሌላ ነጋዴ ቢገኝም ያለ ማመንታት እንዲቀበሉት ለማኅበሩ አስታወቁ። ግራንትም በፌብሩዋሪ 1662 አባል ሆኖ ተመረጠ።

ክብሩ ግን ብዙ አልቈየም። በ1665 ታላቁ ቸነፈር ሎንዶን ገባ፤ በዚያ ዓመት ዝርዝር 97,306 ሙታን ተጻፉ። ከእነዚህም 68,596ቱ በቸነፈር የሞቱ ናቸው ተባለ። የግራንትም መጽሐፍ በዚያው ዓመት ደጋግሞ ታተመ። በተከታዩ ዓመት በሴፕቴምበር 1666 ታላቁ የሎንዶን ቃጠሎ 13,200 ያህል ቤቶችን ሲያጠፋ የበርችን ሌኑ የግራንት ቤትም አብሮ ነደደ። ከዚህ ወዲህ ኑሮው እያዘቀዘቀ ሄደ። ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ስለ ገባም፣ ካቶሊኮች በሚጠሉበት በዚያ ዘመን የነበረውን ሹመትና ሥራ ሁሉ ተወ።

ጠላቶቹም የሐሰት ወሬ አወሩበት። ለሎንዶን ውኃ በሚያመጣው ኩባንያ ውስጥ ሳለ፣ ቃጠሎው እንዳይጠፋ ውኃውን ዘጋው አሉ። የኩባንያው መዝገብ ሲመረመር ግን ግራንት በኩባንያው ሥራ የገባው ቃጠሎው ከተነሣ በኋላ እንደ ሆነ ተገኘ። ሌሎችን በመዝገብ የመረመረውን ሰው ከሐሜት ነጻ ያወጣው መዝገብ ነው፤ የሚያሳዝነው ይህ የተገለጠው ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ መሆኑ ነው።

ጆን ግራንት በኤፕሪል 18 ቀን 1674 በወፍ በሽታ በድኽነት ሞተ፤ ዕድሜው 54 ዓመት ሊሆን ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። ብዙ አዋቂዎች ቀብሩን አጀቡ። ከእነርሱም መካከል ዊሊያም ፔቲ እያለቀሰ ቆሞ ነበር። ቀድሞ ግራንት ረድቶት የነበረው ወጣት አሁን ባለ ማዕርግና ባለጠጋ ሆኗል፤ ወዳጁንም በችግሩ ጊዜ ረድቶት ነበር። በየሳምንቱ የሚወጣው ዝርዝር የሟቾችን ስም አይጽፍም፤ በየበሽታው ስንት ሰው እንደ ሞተ ብቻ ይናገራል። ስለዚህ ግራንትም በዝርዝሩ ላይ ከሚቈጠሩት እንደ አንዱ ሆነ።

ከሞተ በኋላ መጽሐፉን የጻፈው ፔቲ ነው የሚሉ ተነሥተው ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ሥራው የግራንት መሆኑን ይቀበላሉ። በ1693 ኤድመንድ ሃሌይ የተባለው የከዋክብት ሊቅ የብሬስላው ከተማን መዝገብ ይዞ ከግራንት የተሻለ የዕድሜ ሠንጠረዥ ሠራ። የሕይወት መድን ድርጅቶችም፣ መንግሥታትም፣ የጤና ጥበቃ ሠራተኞችም የሚገለገሉበት ስሌት ከዚህ ዘር የበቀለ ነው። የሕፃናት ሞት የእግዚአብሔር ቍጣ ብቻ ነው ተብሎ ከሚታለፍ፣ በምን ያህል፣ የትና በምን እንደ ሆነ ታውቆ መድኃኒት ሊፈለግለት የተቻለው በመቍጠር ነው።

በአገራችን ጠቅላላ የሕዝብ ቈጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ቀጥሎም በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተደርጓል። ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍችንና ሞትን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. ነው። ብዙዎቻችን ግን አያቶቻችንን የተወለዱበትን ዓመት ብንጠይቃቸው የሚነግሩን በዘመኑ የሆነውን ጦርነት ወይም ድርቅ ነው። ሕፃን ሆነው የሞቱት እኅቶቻቸውና ወንድሞቻቸው ከእናታቸው ልብ በቀር የትም አልተጻፉም።

ወላጆቻችን የልጆቻቸውን የልደት ቀን ጽፈው እንዲያኖሩ፣ እኛም ተማሪዎች የቤተሰባችንን ታሪክ ከሽማግሌዎቻችን ጠይቀን እንድንመዘግብ የግራንት ሕይወት ይመክረናል። ለዚህ ሥራ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ግራንት የነበረው የሱቅ ሒሳብ፣ ሌላው የጣለው ወረቀትና ገና ሱቅ ሳይከፈት ያለችው የማለዳ ሰዓት ብቻ ነበረ።